ሀዋሳ በዛፎቿ ዕውቅና እንድታገኝ ምን ምን እናድርግ?

ከሦስት ክረምት በፊት እኛ ሰፈር መንገድ ዳር 60 ችግኝ ተከልን። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወጣቱም አዛውንቱም ወጥቶ ነበር። ቆፍረን፣ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን ተለያየን። በዓመቱ በዚያው መንገድ ሄጄ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። የቀሩት ሰባት ነበሩ።

አንዷ ያለችው ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት በር ላይ ነው። ሲኒ ያለቀለቀችበትን ውሃ ማታ ማታ ስታጠጣት ከርማለች። ሦስቱ ደግሞ የአንድ ግቢ ጥበቃ ከሚቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ናቸው። "ጋሼ፣ እነዚህን ማን ነው የሚያጠጣቸው?" አልኳቸው። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። ማንም አላዘዘኝም። ሲደርቁ እያየሁ ልቀመጥ እንዴ?" አሉኝ። የተቀሩት ሦስቱ በምን እንደተረፉ አላውቅም። 53ቱ ግን በምን እንደጠፉ አውቃለሁ። ፍየል በልቷቸዋል፣ ባጃጅ ወጥቶባቸዋል፣ ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ጠብ የሚልላቸው ውሃ አልነበረም። ከሁሉም በላይ፣ እነሱን መጠበቅ የማንም ሥራ አልነበረም።

መትከሉን እናውቅበታለን። በ2011 ክረምት አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ዶማ ይዞ ያልወጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። የሚጎድለን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከተሞች ዛፎቻቸውን በመንከባከባቸው የሚያገኙት ዓለም አቀፍ ዕውቅና እንዳለ ስሰማ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ይህ ዕውቅና "ስንት ተከላችሁ?" ብሎ አይጀምርም። የመጀመሪያ ጥያቄው "ለዛፎቻችሁ ኃላፊው ማን ነው?" የሚል ነው።

ዕውቅናው ምንድን ነው?

ስሙ ትሪ ሲቲስ ኦፍ ዘ ወርልድ ይባላል። የዓለም የዛፍ ከተሞች ብንለው ያስኬዳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ አርቦር ዴይ ፋውንዴሽን ከተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። ይፋ የሆነው በ2018 እ.ኤ.አ. ጣልያን ውስጥ ማንቶቫ ከተማ ላይ በተካሄደው የዓለም የከተማ ደን ጉባኤ ነበር። ታላቅ ወንድምም አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ትሪ ሲቲ ዩኤስኤ የሚባል ዕውቅና ነው። የአሜሪካው በነዋሪ ቁጥር ልክ ቢያንስ በነፍስ ወከፍ 2 ዶላር በጀት ይጠይቃል። የዓለሙ እንዲህ ያለ የገንዘብ ልክ አላስቀመጠም። ለእኛ የሚሆነውም ይኼኛው ነው።

መለኪያዎቹ አምስት ናቸው። ለዛፎች ኃላፊ የሆነ አካል በጽሑፍ መሰየም፣ የዛፍ አያያዝ ሕግ ወይም ደንብ ማውጣት፣ ያሉትን ዛፎች ቆጥሮ ማወቅ፣ በየዓመቱ በጀት መመደብ፣ በዓመት አንድ ቀን ዛፎችንና የሚንከባከቧቸውን ሰዎች ማክበር። አምስቱም መሟላት አለባቸው። ዕውቅናው የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም። ስም ነው፤ ከሌሎች ከተሞች ጋር መተዋወቅና ልምድ መለዋወጥ ነው። ግን ስሙን አትናቁት። የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ የበጀት ስብሰባ ላይ ሲቀርብ "ይኼን ካላሟላን ዘንድሮ ከዝርዝሩ እንወጣለን" የሚልበት ነገር ያገኛል። እስከ ዛሬ ባዶ እጁን ነበር የሚገባው።

ሀዋሳ ለዚህ ትመቻለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው። ሀይቅ ዳር የቆሙት ሾላዎች ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ የመጣ እንግዳ ከዓሣው እኩል ፎቶ የሚያነሳው ጉሬዛውን፣ ጦጣውንና አባ ኮዳውን ነው። እነሱም እዚያ ያሉት ዛፉ ስላለ ነው።

ከማመልከቻው በፊት፦ ማን ይጀምረው?

የሚያመለክተው የከተማው አስተዳደር ነው። ነዋሪ በግሉ ሊያመለክት አይችልም። መጀመር ግን ይችላል፤ እንዲያውም ነዋሪ ሲጀምረው ይሻላል ባይ ነኝ። ሹም ይቀየራል፣ ጎረቤት ግን እዚያው ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ከከተማው የውበትና አረንጓዴ ልማት ክፍል አንድ ሰው የግድ ነው። ዛፍ የሚያውቅ ባለሙያም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሀዋሳ ዕድለኛ ናት፤ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ቅርባችን ነው። ከመብራት ኃይል አንድ ሰው ጨምሩ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትረዱታላችሁ። አንድ የሀገር ሽማግሌ፣ ከወጣቶች ማኅበር አንድ፣ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ የሆነ አንድ። ሰባተኛው ሰው ጡረታ የወጣ መምህር ቢሆን ደስ ይለኛል። መዝገብ አያያዝ የሚያውቅ፣ ቀጠሮ የማይረሳ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አንደኛ፦ ኃላፊው ይታወቅ

ሀዋሳ ውስጥ የመንገድ ዳር ዛፍ ሲወድቅ ለማን እንደምትደውሉ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ቅርንጫፍ ተሰብሮ መንገድ ላይ ተንጠለጠለ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ ዋልኩ። ሁሉም "እኛን አይመለከትም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የተጻፈ ነገር አልነበራቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ከንቲባው የሚፈርሙበት፣ ማኅተም ያለው። እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

"በከተማው ክልል ውስጥ በመንገድ ዳር፣ በአደባባይ፣ በፓርክ፣ በሀይቅ ዳርና በሌሎች የሕዝብ ቦታዎች የሚገኙ ዛፎችን የመትከል፣ የመንከባከብ፣ የመግረዝና አስፈላጊ ሲሆን የማንሳት ኃላፊነት ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ የሥራ ክፍል ተሰጥቷል። የሥራ ክፍሉ የሚያማክረው የዛፍ ኮሚቴ ተቋቁሟል። በየሩብ ዓመቱ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያቀርባል።"

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኃላፊነቱን ለሰው ስም አትስጡት፤ ለሥራ ክፍልና ለሥራ መደብ ስጡት። ስም ከጻፋችሁ ሰውየው በተዘዋወረ ማግስት ደብዳቤው ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ክፍለ ከተሞችና ቀበሌዎች ግልባጭ ይድረሳቸው። ታቦርም ሆነ ሐይቅ ዳር ያለው ባለሙያ ደብዳቤውን እጁ ላይ ካላገኘው ነገ ተመልሶ "እኛን አይመለከትም" ይላል።

ሁለተኛ፦ ዛፎቹን ቁጠሩ

በዕውቅናው ቅደም ተከተል ከዚህ በፊት የሚመጣው ደንቡ ነው። እኔ ግን ቆጠራው ይቅደም እላለሁ። ዛፎቹ ምን እንደደረሰባቸው ሳታዩ የምታወጡት ደንብ ከሌላ ከተማ የተቀዳ ይሆናል። ቆጥራችሁ ስትመጡ ግን ምን መከልከል እንዳለበት ራሱ መንገዱ ይነግራችኋል።

ከተማውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመቁጠር አትሞክሩ። ሰው ይሰለቻል፤ ግማሽ ላይ ይቀራል። መለኪያው ቆጠራ ወይም ግምገማ ነው የሚለው። ዋና ዋና መንገዶችን፣ አደባባዮችንና ሀይቅ ዳሩን ሙሉ በሙሉ ቁጠሩ። ከቀሪው ናሙና ውሰዱ። የቀረውን በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍለ ከተማ እያላችሁ ትሞሉታላችሁ።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ቦታውን ካርታ ላይ ይይዛል። መሣሪያው ቀላል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሲባጎ፣ መዝገብ፣ እስክርቢቶ። የግንዱ ዙሪያ የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው፤ በብዙ አገሮች ልማዱ ይኼ ነው። በመካከለኛ ቁመት ሰው ደረት አካባቢ ማለት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግድግዳ ላይ ለክታችሁ ሸሚዛችሁ ላይ የት እንደሚያርፍ እዩት። የስንተኛ ቁልፍ እኩያ እንደሆነ ካወቃችሁ ቀኑን ሙሉ አትቸገሩም። የልብስ ሰፊው ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ለትልቁ ዛፍ ሲባጎ አዙሩበትና ሲባጎውን ለኩ። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍሉት ውፍረቱ ይወጣል። ዙሪያው 94 ከሆነ ዛፉ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። እንደ ሾላና ዋርካ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ ግድግዳ የሠራ ከሆነ ደግሞ ከእብጠቱ በላይ ለኩና ከፍታውን ጻፉ።

አንድ ዛፍ አብረን እንመዝግብ። የሰፈራችን 14ኛ ዛፍ ነው። ጃካራንዳ፣ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር። ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ቀረብ ስንል ግንዱ ላይ አራት ምስማር አገኘን። ሁለቱ "ቤት ይከራያል" የሚል ወረቀት ይዘው ቀርተዋል፤ አንዱ የዝናብ ላስቲክ ማሰሪያ ሆኗል፤ አራተኛው ዝጎ ቅርፊቱ ውስጥ ተቀብሯል። ከሥር ኮብልስቶኑ ግንዱን እስኪነካ ተነጥፏል። በሌላው በኩል መሬቱ ጠቁሯል፤ ማታ ማታ የከሰል ረመጥ ይደፋበታል። ከላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ የባጃጅ ተራው አናት ላይ ተዘርግቷል። መዝገባችን ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ ሁኔታ፣ መካከለኛ። አደጋ፣ አለ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ። ሥራ፣ ቅርንጫፉን ማውረድ፣ ምስማር መንቀል፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ኮብልስቶን ማንሳት፣ ረመጥ ከሚደፉት ጋር መነጋገር። ተጠሪ፣ ባዶ።

ይኼን "ተጠሪ" የሚል ዓምድ መዝገባችሁ ላይ የግድ አስገቡት። ማንም አይጠይቃችሁም፤ የዕውቅናው ቅጽም ይኼን አይልም። ለእኔ ግን ከመዝገቡ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ብሳናና ብርብራን ልጆች ያምታታሉ። የአንዱ ዛፍ የአማርኛ ስም አንድ፣ የሲዳምኛ ስሙ ሌላ ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ሽማግሌውን ጠይቁ፤ የወንዶ ገነት ተማሪ ሳይንሳዊ ስሙን ይጨምርበታል። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢዎችን አስፈቅዳችሁ ብትቆጥሩ ጥሩ ነው። ወይራ፣ ጽድና ዝግባ መንገድ ላይ ከጠፉ በኋላ የምታገኟቸው እዚያ ነው።

ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ሒሳብ ሥሩ። ከጠቅላላው ስንት በመቶው አንድ ዓይነት ዛፍ ነው? የዘርፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት የቆየ መመዘኛ አለ፤ አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በሽታ ወይም ተባይ ሲመጣ አንድ ዓይነት ዛፍ የሞላበት መንገድ በአንድ ዓመት ራቁቱን ይቀራል። የእናንተ ቁጥር አርባና ሃምሳ በመቶ ግራቪሊያ ወይም ጃካራንዳ ካለ አትደንግጡ፤ የሚቀጥለውን ችግኝ ስታዙ ግን ቀይሩ። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ወይራ አሉ። ሾላና ዋርካ ሥራቸው ኃይለኛ ስለሆነ ለጠባብ የእግረኛ መንገድና ለውሃ ቧንቧ አይመከሩም። ሰፊ ሜዳና ሀይቅ ዳር ግን ከእነሱ የሚሻል የለም።

ሦስተኛ፦ ደንብ

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። የመንገድ ዳር ዛፍ ባለቤቱ የማይታወቅ ስለሚመስል ሁሉም ይነቀንቀዋል። ደንቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሀገር ደረጃ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ። ትኩረቱ ግን ደን ነው፤ ስለ አንድ መንገድ ጃካራንዳ ብዙ አይነግራችሁም። ከተማው የራሱን ያውጣ። ምክር ቤት ያጸደቀው ደንብ ቢሆን ይመረጣል። ያ ጊዜ ከወሰደ በአስተዳደሩ የጸደቀ መመሪያ መነሻ ይሆናል። ረቂቁን ለሕግ ባለሙያው ብቻ አትተዉት፤ ከቆጠራ መዝገባችሁ ተነስታችሁ እናንተ ጻፉት፣ እሱ ያስተካክለው።

ምን ይግባበት? የሕዝብ ዛፍ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንደማይቆረጥ። ፈቃዱን ማን በስንት ቀን እንደሚሰጥ፤ ቀን ካልተቀመጠ ሰው ሌሊት ይቆርጣል። አንድ ለተቆረጠ ስንት እንደሚተከልና እስኪያድግ ማን እንደሚከታተል። ምስማር መምታት፣ ሽቦ ማሰር፣ ረመጥና የፈላ ውሃ መድፋት እንደሚከለከል፣ ቅጣቱም ምን እንደሆነ። መንገድ ሲሰፋ፣ የኮሪደር ልማት ሲሠራ፣ ቧንቧና ኬብል ሲቀበር ከግንዱ ምን ያህል ርቆ መቆፈር እንዳለበት። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ለዛፉ የሚተወው ክፍት ቦታ ስንት እንደሆነ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ቅጣት ይሁን። ምስማር የሚመታው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት መሆኑን አያውቅም።

ሁለት ነገር ላይ ግን ረጋ እንበል።

አንዱ የሠራተኛ ደኅንነት ነው። የዕውቅናው መመዘኛ ራሱ በስም ይጠቅሰዋል። ሀዋሳ ውስጥ ዛፍ ላይ በነጠላ ጫማ ወጥቶ በመጥረቢያ የሚቆርጥ ልጅ አይቻለሁ። ከሥሩ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ሰው ያልፋል፣ ከጎኑ የመብራት ሽቦ አለ። ደንቡ ሄልሜት፣ መታጠቂያ ገመድ፣ መንገድ መዝጊያና መብራት ማስጠፊያ ሥርዓት ያስገድድ። የመብራት ኃይል ሰው ከመጀመሪያው ኮሚቴው ውስጥ ይግባ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሌላው አገራረዝ ነው። ሽቦ ሥር ያለ ዛፍ አናቱን ሲቀላ ታያላችሁ። ዛፉ አይሞትም፤ ከተቆረጠበት ቦታ ቀጫጭን ቅርንጫፎች በብዛት ያወጣል። እነሱ ደግሞ ከግንዱ ጋር በደንብ አይያያዙም፤ በሁለት በሦስት ዓመት ተመልሰው ሽቦው ጋ ይደርሳሉ፣ ነፋስ ሲመጣም ቀድመው የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። ሥራው ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ በሦስት ነው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ያህል በመጋዝ ግቡበት። ሁለተኛ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡ። ቅርንጫፉ ይወድቃል፤ ከታች ስለተቆረጠ የግንዱን ቅርፊት ልጦ አይወርድም። ሦስተኛ፣ የቀረችውን ጉቶ አንሷት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ሥሩ ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ ቦታ አለ፤ በጣታችሁ ስትዳስሱት ይታወቃል። መጋዙ ከእብጠቱ ውጭ፣ እሱን ሳይነካ ይለፍ። ቁስሉን የሚዘጋው ያ እብጠት ነው። ከግንዱ ጋር አስተካክለው ሙልጭ ካደረጉት ቁስሉ አይዘጋም፤ ብስባሹ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭቃም ቀለምም መቀባት አያስፈልግም።

ይኼን አንድ ገጽ ሥዕል አድርጋችሁ ከደንቡ ጋር አያይዙት። ለሚቆርጡት ልጆች የግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡ። ቀን አበላቸውን አትርሱ።

አራተኛ፦ በጀት

በጀት ላይ የሚሠራው ስህተት ብሩን በሙሉ ለችግኝና ለተከላ ቀን ማዋል ነው። ችግኝ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከውሃ ጀምሩ።

500 ችግኝ ተከላችሁ እንበል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር፣ ብላችሁ ያዙ። 500 ጊዜ 20፣ 10,000 ሊትር ነው። ይኼ በሳምንት የአንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ጭነት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት 17 ሳምንት ገደማ አለ። ስለዚህ 17 ምልልስ። በነዳጁ፣ በሾፌሩና በሁለት አጠጪዎች አበል አባዙት። በጋው ሁለት ጊዜ እስኪያልፍ ይኼ ይቀጥላል። አሁን እዩት፤ ከተማው ቦቴ የሚመድበው ለ200 ብቻ ከሆነ 200 ትከሉ። የተረፈ 200 ከሞተ 500 ይበልጣል። እኛ 60 ስንተክል ይኼን ሒሳብ የሠራ ሰው አልነበረም።

ከውሃው ቀጥሎ አጥር፣ የመግረዣ መሣሪያና የደኅንነት ዕቃ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቆጠራ ወጪ፣ የሞተውን መተኪያ ይመጣል። ነዋሪው የሚሰጠውን ጉልበትም በብር ተምኑና ለብቻው ጻፉት።

ሰዓቱን አታሳልፉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። ግንቦት ላይ ይዛችሁ ብትሄዱ ረፍዷል። የካቲትና መጋቢት ላይ ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ "የዛፍ እንክብካቤ" የሚል የራሱ ርዕስ ይኑረው። ከጽዳት ጋር ከተደባለቀ ቆሻሻ ማንሳቱ ይውጠዋል።

የት እንትከል ለሚለው ክርክር ደግሞ አንድ ጥሩ መመሪያ አለ። ሴሲል ኮኒየንዳይክ የተባሉ የከተማ ደን ባለሙያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው። ከቤትህ ሦስት ዛፍ ይታይህ፣ ሰፈርህ 30 በመቶው በዛፍ ጥላ ይሸፈን፣ ከቤትህ እስከ ቅርቡ አረንጓዴ ቦታ 300 ሜትር ይሁን ይላሉ። በዚህ ብትለኩት ሀይቅ ዳር ያለው ሰው ደህና ነው። ወደ ውጭ የተስፋፋው አዲሱ ሰፈር ግን ቆርቆሮና ብሎኬት ብቻ ነው። ችግኙ ወደዚያ ይሂድ። እስካሁን አስፋልት ዳር፣ እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ ነው የምንተክለው።

አምስተኛ፦ የዛፍ ቀን

ለዚህ ከውጭ የሚመጣ በዓል አያስፈልገንም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ አለልን። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ በዓል ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሲመክሩ፣ ሥራ ውደዱ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ ከሚሉት ጋር ሀገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ይኼ ምክር አርቦር ዴይ የሚባለው የፈረንጆቹ የዛፍ ቀን ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፈቃድ፣ ከበዓሉ ሰሞን አንዱን ቀን የከተማው የዛፍ ቀን ማድረግ ይቻላል። በዓሉ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ከዋክብትን በሚያነቡት አያንቶዎች ስለሚወሰን፣ በደብዳቤያችሁ ላይ የተቆረጠ ቀን አትጻፉ፤ "በፊቼ ሰሞን" በሉት።

ቀኑ ሌላ የተከላ ዘመቻ ባይሆን ደስ ይለኛል። ያለውን የምንንከባከብበት ይሁን። ተማሪዎች ምስማር ይንቀሉ፣ ወጣቶች ኮብልስቶን ያንሱ፣ አንድ ባለሙያ ሕዝብ ፊት ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳይ። ከዚያ ሰው ይመስገን። ቦቴ የሚነዳው፣ የችግኝ ጣቢያዋ ሠራተኛ፣ ዛፍ ያጠጡ የግቢ ጥበቃዎች መድረክ ላይ ይውጡ፤ ጋቢ ይልበሱ። ንግግር ይጠር። ፎቶና ቪዲዮ ያዙ፤ ለማመልከቻው ያስፈልጋል።

ማመልከቻው

ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል። የሚመዘነው በፈረንጆቹ ዓመት የሠራችሁት ነው። ዓመቱ ማለቁን ታኅሣሥ ላይ አትጠብቁ፤ ጥቅምት ላይ ሰነዶቻችሁ አንድ ላይ ይሁኑ። የከንቲባው ደብዳቤ፣ ደንቡ፣ የቆጠራው ማጠቃለያ፣ የጸደቀው በጀት ገጽ፣ የዛፍ ቀኑ ፎቶና አጭር መግለጫ። ሰነዱ በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ከሆነ ለእያንዳንዱ የግማሽ ገጽ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ አዘጋጁ። ቁጥር አታጋንኑ። የሞተውንም ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ስታድሱ የዘንድሮው ቁጥር መነሻ ይሆናችኋል፤ ያበዛችሁት ቁጥር ያኔ ያሳፍራችኋል።

የሁሉንም ሦስት ቅጂ አድርጉ። አንዱ መዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ ከኮሚቴው መምህር ዘንድ ይቀመጥ። ቢሮ ሲቀየር መጀመሪያ የሚጠፋው ፋይል ነው።

ይኼ ሁሉ እስኪሆን ግን የራሳችሁን መንገድ መቁጠር ትችላላችሁ። የእኛ መንገድ መዝገብ እኔ ጋ ነው። ከ60ዎቹ የተረፉት ሰባቱ ሰፍረውበታል። በአንዷ አንጻር ቡና ሻጯ፣ በሦስቱ አንጻር ጋሼ ተጠሪ ተብለው ተጽፈዋል፤ ሁለቱንም ጠይቄ እሺ ብለውኛል። የሦስቱ ዓምድ አሁንም ባዶ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከዛፎቹ ትይዩ ያሉትን ሦስት በሮች ላንኳኳ ነው።